ሦስት ጣት እጥፋት

ልብስ ሰፊዋ ጉ ማልሬ ስፌት ቤት ምግብ ይዞ የሚገባ ሰው ወዮለት። የሰፈሩ ጨርቅ አመላላሽ ሞተረኞች እንኳ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዛቸውን፣ ኪምባፓቸውን፣ በር ላይ ቆመው ይጨርሱና አፋቸውን ጠርገው፣ መዳፋቸውን ግራ ቀኝ አሳይተዋት ነው የሚገቡት። «ሰው ይቅር ይላል፣ ጨርቅ ግን ቂመኛ ነው» ትላለች። «አንዴ ዘይት ካስነካኸው እስኪቀደድ ድረስ አይረሳህም።» አንድ ክረምት የገዛ ባሏ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይዞ ሊገባ ሲል በረዶ ላይ አቁማ አስጨርሳዋለች። እሱ ታዲያ ይህን ለሰው ሁሉ ያወራዋል፣ ሜዳሊያ የተሸለመ ይመስል።

ማልሬ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃምሳ ሁለቱን የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ነው ያሳለፈችው፤ እዚሁ ሴኡል፣ ቻንግሺን ዶንግ ዳገት ላይ። ባሏ ታክ ፒልሱ ልብስ ተኳሽ ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይተኩሳል፤ ምላሱ ደግሞ ከካውያው ይብሳል። ማልሬ አጭር ናት፣ በጣም አጭር። ፒልሱ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺን ሴት ያገባኋት ለቁጠባ ነው፤ ቀሚስ ሲሰፋላት ጨርቅ አትፈጅም» ይላል። እሷም አንገቷን ሳታቀና «አንተ ረዝመህ ምን ፈየድክ? አምፖል ከመቀየር በቀር!» ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ አርባ ዓመት ኖረዋል።

ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ዋና ሥራዋ የዘፋኝ ልጃገረዶች የመድረክ ልብስ ነው። የእጇን ሥራ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል፣ እሷን ግን ከዳገቱ በታች የሚያውቃት የለም። ደንታም አልነበራት። ከዘፋኞቹ ድርጅት ካርድ ይመጣል፣ ካርዱ ላይ ደረት ይሄን ያህል፣ ወገብ ይሄን ያህል ተብሎ ተጽፏል፣ እሷ ትሰፋለች። ቁጥሩ ከልጆቹ እውነተኛ ወገብ እንደሚያንስ አጥታው አይደለም። «መርፌ የታዘዘውን ይወጋል፣ እኔ ምን አገባኝ» ትል ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ዱሩሚ የሚባሉ አምስት ልጃገረዶች መጡ። ሁለት ዘፈን አውጥተው ሁለቱንም ሰው አልሰማላቸውም። ሦስተኛው «አንድ ፌርማታ ቀድሜ» ይባላል፤ የሚወዱትን ሰው ትንሽ አብሮ ለመራመድ ሲሉ ከአውቶቡስ ቀድመው ስለ መውረድ። ይሄም ካልተሳካ አራተኛ የለም ተብለዋል። ያመጣቻቸው የድርጅቱ የአልባሳት ኃላፊ ማ ሱጂን ናት፤ እሷም ብትሆን እንቅልፍ ካየች የከረመች ሴት ናት። ስፌቱ ለእንቅስቃሴው እንዲመች ብላ ልጆቹ ሲለማመዱ የተቀረጸ ቪዲዮ ለማልሬ ላከችላት። ማልሬ ያንን ስልኳ ላይ እየደጋገመች ስላየችው፣ ዘፈኑ ለሕዝብ ሳይወጣ ሰባት ሳምንት ቀድማ አዝማቹን በስፌት መኪናዋ ፔዳል ትመታው ጀመር።

ለልኬት ተሰልፈው ተራው ፒዮ ዳንቢ ለምትባለው ደረሰ። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ በአዝማቹ ላይ መሐል የምትቆመው እሷ ናት። ማልሬ ጨርቁን ስታስተካክል ስፒሉ ጎኗን ወጋ አደረጋት።

«አታ!» አለች ልጅቷ።

ማልሬ ቀና አለች። ይህን ቃል የሚያወጣው የደቡብ ባሕር ዳር ሰው ብቻ ነው፤ እሷው ራሷ የተወለደችበት አገር ሰው። «አንቺ! የሞክፖ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«ኧረ ቀስ በዪ አክስቴ!» አለች ዳንቢ ወደ ኃላፊዋ በዓይኗ እየጠቆመች። «ያገሬን አነጋገር ትቻለሁ ብዬ ምዬላቸዋለሁ። ካወቁብኝ አንድ ወር ሙሉ ጋዜጣ ጮክ ብዬ ሊያስነብቡኝ ነው።»

ማልሬ ሳቀች። ሜትሯን ወገቧ ላይ አዞረች፤ ስድሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ካርዱን አየችው፤ ሃምሳ ስምንት ይላል። ደግማ ለካች፤ ያው ስድሳ ሦስት።

«እመቤት ማ፣ ይሄ ቁጥር የተሳሳተ መሰለኝ» አለች።

«ቁጥሩ አልተሳሳተም፣ እትዬ ማልሬ» አለች ሱጂን ከስልኳ ቀና ሳትል። «እስከ ስርጭቱ ቀን ትደርስበታለች። አይደል ዳንቢ?»

«እደርስበታለሁ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ።

«ባይገባትስ?»

«ባይገባት ቀሚሱ የገባት ልጅ መሐል ትቆማለች። እኔም እኮ ከላይ የተሰጠኝን ነው የምናገረው።»

ሱጂን ስልክ ልታነጋግር ስትወጣ ማልሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ ምን በላሽ?» አለቻት።

«አንድ እንቁላል። አስኳሉን ግን ትቼዋለሁ» አለች ዳንቢ በኩራት፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። ይቺ ኩራት ናት የማልሬን አንጀት የበላችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማልሬ በአሥራ አራት ዓመቷ ለስፌት ሥራ ወደ ሴኡል ስትላክ እናቷ አንድ ቀሚስ ሰፍታላት ነበር። ከግርጌው በውስጥ በኩል ሦስት እጥፋት አበጀችለት፣ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ። «ስታድጊ እየፈታሽ አስረዝሚው፤ ሌላ የምገዛበት የለኝምና» አለቻት። ማልሬም ሄደች። የገባችበት ስፌት ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምበትም። ምሳቸው ቀጭን የፓስታ ሾርባ ነው፤ እሱም የሚገኝ ቀን። በሦስተኛው ዓመት ለመከር በዓል አገሯ ገባች። እናቷ ከበሩ ላይ ተቀበለቻት፣ ተንበረከከች፣ የቀሚሷን ግርጌ ገልበጥ አደረገች። ሦስቱም እጥፋት እንደታጠፉ ነበሩ፤ አንዱም ክር አልተፈታም። እናትየው ጨርቁን እንደያዘች መሬት ቁጭ ብላ፣ «ልጄን አላሳደጉልኝም፣ ልጄን አላሳደጉልኝም» እያለች አለቀሰች። ማልሬ ከዚያ በኋላም አላደገችም። ፒልሱ በቁመቷ ሲቀልድ ይህን ሳያውቅ አይደለም፤ እሷ ለሰው መንገር የማትችለውን ሳቅ አድርጎ ይሸፍንላታል እንጂ።

በመጋቢት የዘፈኑ አዝማች ተቀየረ። ዜማው ከፍ ብሎ ተጻፈ፣ ልጆቹም እንደገና ቀረጹት፣ ውዝዋዜውም ተለወጠ፤ አሁን በአዝማቹ ላይ ሁለቱንም ክንድ ወደ ላይ ይዘረጋሉ። ሱጂን ደወለችና ይቅርታ ጠይቃ «የጎኑ ስፌት ሊፈታ ነው መሰለኝ» አለች። ማልሬ «እሺ፣ እፈታዋለሁ» አለች። አጋጣሚ እንዲህ በእግሩ ሲመጣ ማን ይገፋዋል?

አምስቱንም ቀሚሶች ፈታታቻቸው። የሁሉም ካርድ ከልጆቹ ልክ ያነሰ ነበር፤ አንዷ አራት ሳንቲ ሜትር፣ አንዷ ስድስት። በመኪና የሰፋችው ጠንካራው ስፌት በእውነተኛው ልካቸው ላይ አረፈ። ከዚያ በሁለቱም ጎን ጨርቁን ወደ ውስጥ አጠፈችና በካርዱ ቁጥር ላይ በእጇ፣ በአንድ ነጭ ክር፣ ሰብሰብ አድርጋ ያዘችው። የክሩን ጫፍ ከገበሩ ስር አወጣችው። ጫፉ ሲጎተት ክሩ ተመዞ ይወጣል፣ ቀሚሱ ሰፋ ይላል፣ ከውጭ አንድም ነገር አይታይም። የዳንቢ እጥፋት ሁለቱ ጎን ሲደመር ሦስት ጣት ነበር።

ፒልሱ ሊተኩስ ቀሚሱን ገልብጦ አየና ካውያውን መልሶ አስቀመጠው። 

«ምነው?» አለችው።

«ከታወቀ ሥራው ይቀርብናል።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እጥፋቱ ላይ ካውያ አላሳርፍም» አለ። «ከተኮስኩት ጨርቁ ታጥፎ መኖር ይለምዳል።» እያፏጨ ገበሩን ብቻ ተኮሰው።

ለመጨረሻው ልኬት ሲመጡ የዳንቢ ፊት ገርጥቷል። ቀሚሱ ገባ፣ ዚፑ ግን ግማሽ ላይ ቆመ። ሱጂን «ዘጠኝ ቀን አለሽ» ብላ ወደ ሌሎቹ ዞረች። ማልሬ ከመጋረጃው ኋላ የልጅቷን ጣት ይዛ ወደ ክሩ ጫፍ ወሰደችው።

«ይሄን ሳብ ታደርጊዋለሽ፤ ሌላ ነገር የለውም። መቀስ አያስፈልግሽም። ማንም አያይም።»

ዳንቢ እጇን እሳት እንደነካው መነጨቀች። «አልስበውም።»

«ለምን?»

«ከሳብኩት ተሸነፍኩ ማለት ነው። አክስቴ፣ እናቴ ገበያ ላይ ዓሣ እየሸጠች ነው ስድስት ዓመት ሙሉ ያሠለጠነችኝ። ሌሎቹ ሲችሉ እኔ ሆዴ አሸነፈኝ ልበላት?»

«እናትሽ አሁን እዚህ ብትሆን መጀመሪያ የምታየው ፊትሽን ነበር።»

«የለችማ» አለች ዳንቢ፣ ዓይኗም እንባ ሞላ። «አልስበውም። አትቀየሚኝ፣ አክስቴ።» መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ማልሬ ስለ ሌሎቹ ቀሚሶች ለማንም አልነገረችም፤ የምትነግርበት ወኔም ከዚያ ወዲያ አልነበራትም።

ዘፈኑ ሚያዝያ ውስጥ ማክሰኞ አመሻሽ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ወጣ። ዳገቱ ላይ ያለ ስፌት ቤት ሁሉ ከፈተው። ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች «ይሄ ያንቺ ዘፈን አይደል?» እያሉ በመስኮት ጮኹላት። በማግስቱ መንገድ ላይም ተሰማ፣ በሦስተኛው ቀን ከሞተረኞቹ አንዱ አዝማቹን እያፏጨ ገባ። የዳንቢ ድምፅ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ይሰማል። ማልሬ ግን ደስታው ግማሽ ሆነባት።

የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ስርጭት ሐሙስ ነበር። ጠዋት ሱጂን ደወለች፤ ድምፅዋ ሲበራ በስልክም ያስታውቃል። «እትዬ ማልሬ፣ የአምስቱም ዚፕ ጥርቅም አለ! ዳንቢም ደርሳበታለች። አላልኩዎትም?»

ማልሬ ስልኩን አስቀምጣ ተቀመጠች። «ደርሳበታለች» አለችው ለፒልሱ። «ወይ ክሩን ስባለች፣ ወይ ዘጠኝ ቀን ውሃ ጠጥታ ከርማለች።»

«በቴሌቪዥን ታይዋለሽ» አለ።

የስፌት መኪናዎቹን አቁመው ተመለከቱ። ልጆቹ በሰማያዊ ቀሚስ ወጡ፣ ዳንቢ መሐል። ክንዶች ወደ ላይ ተዘረጉ። ማልሬ አፍንጫዋ የቴሌቪዥኑን መስተዋት እስኪነካ ድረስ ተጠጋች።

«ተፈቷል ወይስ አልተፈታም?» አለ ፒልሱ።

«አይታይም።»

«እንዴት አይታይም? አንቺ አይደለሽ የሰፋሽው?»

«እንዳይታይ አድርጌ ነዋ የሰፋሁት፣ አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸችበት፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። በሃምሳ ሁለት ዓመት ውስጥ እጇን እንደዚያ ቀን ጠልታው አታውቅም። ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ሙሉ ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ክንዱ ሲነሳ ትጠብቃለች፣ ምንም ሳታይ ክንዱ ይወርዳል። ዱሩሚዎች በአንደኝነት ተሸለሙ፣ አምስቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ማልሬ ከዋንጫው ይልቅ የዳንቢን ጉንጭ ስታጠና አመሸች፤ ጉንጩ ደግሞ በቀለም ተሸፍኗል።

የዘፈኑ ወራት አልቆ ቀሚሶቹ ለጽዳትና ለጥገና ተመለሱ። ጥቅሉን ፒልሱ ፈታው። የመጀመሪያው የዳንቢ ነበር።

«ወይ ጉድ!» አለ። «ማነው ይቺን ያሳደጋት? ሐሩ ላይ ዘይት! ይኸው እዩልኝ፣ የኪምባፕ ዘይት! ሩዝ ሳይቀር ገበሩ ላይ ደርቋል። እንግዲህ አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ጩኺ፣ በኔ ላይ ብቻ አይደል የምትጀግኚው…»

ማልሬ ከእጁ ነጥቃ ገለበጠችው። ነጩ ክር የለም። የዳንቢ ጎን በሙሉ ልኩ ተዘርግቷል፣ ሦስቱም ጣት። የደረቀችውን የሩዝ ፍሬ በጥፍሯ አነሳቻትና መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየቻት፣ እንደ ዕንቁ።

ከዚያ ሁለተኛውን ቀሚስ ሳበች። ለለባሿ ልጅ ያልነገረችው ቀሚስ ነው። ክሩ የለም። ሦስተኛው፣ የለም። አራተኛው። አምስተኛው። ዳንቢ የራሷን ብቻ አልሳበችም፤ የጓደኞቿንም ጎን አንድ በአንድ ዳብሳ፣ ጫፉን ፈልጋ አግኝታዋለች። አምስት ልጆች ከመጋረጃ ጀርባ ኪምባፕ ተካፍለው በልተው ነው ያንን ክንድ ወደ ላይ የዘረጉት።

ፒልሱ ነገሩ ሲገባው ቀልዱን ዋጠ። ካውያውን አንስቶ እንፋሎቱን ሞከረና፣ እንደ ሥራው ደንብ ጠየቃት፣ «ልመልሰው ወደ ልኩ?»

«ልኩ ይሄ ነው» አለች ማልሬ። «እንደተፈታ ተኩሰው። እጥፋት እንደነበረ እንዳያስታውስ አድርገህ ተኩሰው።»

እሱም የዳንቢን ቀሚስ ዘርግቶ በውስጥ በኩል ካውያውን ረጋ ብሎ አሳረፈበት፣ የእጥፋቱም መስመር በእንፋሎቱ ውስጥ ጠፋ። ማልሬ በሁለት እጇ የቀሚሱን ጠርዝ ይዛ፣ ድሮ እናቷ እንደተቀመጠችው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እማዬ፣ አድገዋል» አለች። «አምስቱም አድገዋል።»