የአጎቴ የመጨረሻ ወንበር

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አጎቴ አንድ ወፍራም ታሪካዊ ልብ ወለድ ወደ ቴአትር ለውጠው ሰበታ አዳራሽ ውስጥ ያለማምዱን ነበር። እኔ በጦርነት ቤቷ የነደደባትን እናት እጫወታለሁ። ከጀርባዬ፣ ትልቅ ሸራ ላይ፣ መንደሩ በፊልም ይቃጠላል፤ ከድምፅ ማጉያው ተኩስ ይንጣጣል። ስፈራ ድምፄ ይጠፋል። እሳቸው ታዲያ ከመጨረሻው ወንበር ሆነው፣ «አልተሰማሽም! እሳት ማየት የፈለገ ሰው ቤቱ ምድጃ አለው!» ይሉኝ ነበር።

ትርኢቱ ሳይደርስ አረፉ።

በመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ሞላ፤ ያቺ ወንበር ላይ ግን ማንም ሊቀመጥ አልደፈረም። እሳቱ ሸራው ላይ ሲነሣ አፌን ብከፍት ቃል አልወጣ አለኝ። ያ ሁሉ ልፋታቸው በእኔ ዝምታ ሊቀር ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ባለቤታቸው በጥቁር ልብሳቸው ከፊት ረድፍ ተነሡ። ወደ ኋላ ሄደው ወንበሯ ላይ ተቀመጡና፣ «አልተሰማሽም!» አሉኝ።