ምሳችን ከመሬት በታች የጠፋ ዕለት

የእህቴ እጮኛ ቤተሰቦች ከገደብ ከተማ ሊያዩን በመጡበት ቀን ምሳችን ከመሬት በታች ጠፋ።

እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የፋቀችው እንሰት ቆጮ ሆኖ በጓሯችን ቡና መሃል ተቀብሯል፤ ጉድጓድ ውስጥ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ወራት ሙሉ ሲብላላ ከርሟል። ለማንም አልተቆረሰም። የልጁ እናት በቆጮ ሙያ የታወቁ ናቸው፤ እናቴም «እሷ ፊት የገበያ ቆጮ ካቀረብኩ፣ ሙያ ከሌለው ቤት ልጅ ወሰድን ትላለች» እያለች ስታስጨንቀን ሰነበተች።

ጠዋት ልናወጣው አካፋ ይዘን ወደ ቡናው ወረድን። በጉድጓዱ ላይ የተጫኑት ድንጋዮች የሉም! አባቴ ለእንግዶች ግቢ አሳምራለሁ ብሎ ለቅሞ መግቢያው ላይ ደርድሯቸዋል። ቦታውን ደግሞ ደልድሎ ደረቅ ቅጠል አልብሶታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ቆጮዬን የት አደረስከው?»

«እኔ ቆጮ አልነካሁም። ድንጋይ ነው የነካሁት።»

«ድንጋዩን ከየት አነሳኸው?»

«ከመሬት።»

ልታግዘን የመጣችው ጎረቤታችን ሳቅ አሸንፏት የእንሰት ግንድ አቅፋ ቀረች። እናቴ ዱላ አሹላ መሬቱን ትወጋ፣ ጫፉን ታሸት ጀመር። የቆጮ ሽታ አይደበቅምና ሁላችንም ተከተልናት፤ ወጋ፣ አሽተት፣ ወጋ፣ አሽተት። እኔ «አገኘሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ የላም እበት ነበር። ጎረቤታችን እንደገና ግንዷን አቀፈች።

ተንበርክከን ሳለን ከኋላችን ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እንግዶቹ! በር ላይ የሚቀበላቸው ቢያጡ ጫጫታችንን ተከትለው ወርደዋል። እናቴ ዱላውን ከአፍንጫዋ ሳታርቅ ደርቃ ቀረች። እህቴ ከነአዲስ ቀሚሷ ቡና ሥር ተሸጎጠች።

«ምን ጠፋባችሁ?» አሉ የልጁ እናት።

«ቆጮ» አለ አባቴ፣ በግ የጠፋበት ይመስል።

ሴትዮዋ እናቴን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ባላቸው ላይ ወረወሩ። «የኔው ሰውዬ ጉድጓዳችን ላይ ችግኝ ተክሎበት ያውቃል። ዱላ ስጡኝ!»

«ይሄ አሁን ምን ይወራል?» አሉ ባልየው።

ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን እየወጉ፣ እያሸተቱ፣ ባሎቻቸውን እያሙ ሄዱ። በመጨረሻ እናቴ እልል አለች። ቅጠሉ ሲገለጥ ያ ኃይለኛ ሽታ ቡናውን ሞላው። ሴትዮዋ ቆንጥረው በጣታቸው ጨመቁ፣ አሸተቱ። እናቴ ጣታቸውን ጣታቸውን አየች።

«እንዲህ ያለውን እኔም አውጥቼ አላውቅም» አሉ። ቀጥሎ ወደ ቡናው ዞረው ተጣሩ፦ «ልጄ፣ ምን ያስደብቅሻል? ነይ ያዢልን! ወንዶቹን ብቻ አታስጠጊ!»

እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ወጣች።