ለጋልማ የቀረችው ዓይን

ጋልማ በኬንያዋ ሞያሌ፣ በሄሉ የከብት ገበያ ግመል የሚያሻሽጥ ደላላ ነው። በኦሮምኛ ይማማላል፣ በስዋሂሊ ይከራከራል፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ተሻግረው ከሚመጡት ነጋዴዎች ጋር ደግሞ በአማርኛ ይሳሳቃል። የሚያየው በቀኝ ዓይኑ ብቻ ነው። ግራውን ያጣው በልጅነቱ ጎልቦ በሚባለው ቆላ ግመል ሲጠብቅ ነው፤ የግራር እሾህ ወጋው። እሾሁ ራሱ ብዙም አላመመውም ነበር። በነጋታው ግን ዓይኑ ቀላ፣ ከዚያ አበጠ፣ ከዚያ መረቀዘ። ሕመሙ ሲበረታበት ሁለት ሰዎች ይዘውት እንኳ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጭ ነበር። ሕመሙ ሲለቀው ብርሃኑም አብሮ ሄደ።

ባለፈው ዓመት ቀኙ ይሸውደው ጀመር። ቀጥ ያለው የመብራት እንጨት መሃሉ ላይ ጎበጠበት። ሰው ፊቱ ሲቆም ጆሮውን ያያል፣ አፍንጫው ካለበት ቦታ ግን ጥቁር ነገር ይጋረድበታል። የስኳር በሽታ እንዳለበት ታውቅ ስለነበር ሚስቱ ካልቱማ እየገፋች ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ ከመጣው የዓይን ሐኪም፣ ከዶክተር ዴኒስ ዘንድ ወሰደችው።

ዶክተሩ ዓይኑን በመብራት ካየ በኋላ፣ "በስኳሩ የተነሳ ዓይንዎ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ውሃ ቋጥሯል። መድኃኒቱን በመርፌ ዓይንዎ ውስጥ ካልሰጠንዎ ማየትዎ እየቀነሰ ይሄዳል" አለው።

"መርፌው የት ነው የሚገባው?"

"ነጩ ላይ።"

"እሾሁም የገባው ነጩ ላይ ነበር" አለና ጋልማ ተነስቶ ወጣ።

 ማታ እቤት ጋልማ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው፤ ማፍሰሱንም አላወቀም። ካልቱማ ጨርቅ አምጥታ እየጠረገች፣ "ፈርተህ አይቼህ አላውቅም" አለችው።

"ይኸው እያየሽኝ ነው።"

በነጋታው ግን አብሯት ተመለሰ። ነርሷ ሮዛ አባቷ ከኢትዮጵያ በስደት መጥቶ እዚሁ የቀረ ስለሆነ አማርኛ ትችላለች። ጋልማ አልጋው ላይ ተኝቶ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"እንዳይመረቅዝ ምን ታደርጋላችሁ?"

"ጀርሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሳችን ሽፋሽፍትና ከትንፋሻችን ነው፣ አባባ። ስለዚህ ሽፋሽፍትዎን በአዮዲን እጠርጋለሁ፤ ዓይንዎም ውስጥ ጠብ አደርጋለሁ። ሁላችንም ማስክ እናደርጋለን። መርፌው ሲገባ ማንም አይናገርም፣ እርስዎም ጭምር።"

ጋልማ ጣቱን ወደ ቀኝ ዓይኑ አነሳ። "ሌላ የለኝም" አላት።

"አውቃለሁ" አለች ሮዛ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

የማደንዘዣ ጠብታ ደጋግማ ጨመረችለት። አዮዲኑ ዓለሙን ቡናማ አደረገበት። ፊቱን ዓይኑ ጋ ቀዳዳ ባለው ንጹህ ጨርቅ ሸፈኑት፣ የዓይኑን ቆብ ቀጭን ሽቦ ከፍቶ ያዘው፤ መጨፈን እምቢ አለው። ከዚያ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋልማ ያንን ጸጥታ መቼም አይረሳውም።  አንድ ነገር ዓይኑን ተጫነው፤ ሕመም አልነበረም፣ ጫና ብቻ። "አለቀ" አለ ዶክተሩ።

ሮዛ አዮዲኑን በንጹህ ውሃ እያጠበች አስጠነቀቀችው። "እንዳያሹት። ውሃም አቧራም አይግባበት። ዛሬ ያቃጥልዎታል፣ ነገ ይቀንሳል። ሕመሙ ከጨመረ ወይም ከደበዘዘብዎ ግን ያኔውኑ ይምጡ፤ እስኪነጋ ብለው አይቆዩ።"

በነጋታው እውነትም ቀለል አለው። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ግን ቀትር ላይ ነፋስ ተነሳ፤ አቧራው በበሩ ሥር ገባ። ጋልማ አሸልቦት ነበርና በእንቅልፍ ልቡ ዓይኑን አሸው። ሲነቃ ውስጡ አሸዋ የተሞላ መሰለው፤ ብርሃን ወጋው፣ እንባው ወረደ።  ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ካልቱማ ገብታ ስታየው ገባት። ሽርጡን ገፍፋ በስልኳ መብራት አየችው። ዓይኑ ደም መስሏል።

"ተነስ፣ እንሂድ!"

"ተይኝ። ካልሄድኩ ገና አልጠፋም።"

"ምን?"

"ጠፍቷል እስኪሉኝ ድረስ አለ። ተይኝ፣ ካልቱማ።"

እሷ ግን ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ጠርታ ከሾፌሩ ኋላ አስቀመጠችው፤ ከኋላው ተቀምጣም ወገቡን ያዘችው። መንገዱን ሁሉ ዓይኑን እንደጨፈነ ሄደ። የከባድ መኪኖቹን ጡሩምባ ሰማ፣ የፍየሎችን ጩኸት፣ ስሙን ጠርቶ ሰላም የሚለውን ሰው ድምፅ። ከእንግዲህ ሞያሌ ለኔ ይህችው ናት፣ ድምፅ ብቻ፣ ብሎ አሰበ። 

ዶክተር ዴኒስ ቀለም ያለው ጠብታ ጨምሮ በሰማያዊ መብራት ሲመረምረው ብዙ ቆየ። ካልቱማ የባሏን ትከሻ ጨምድዳ ይዛ ቆመች።

"ኢንፌክሽን አይደለም" አለ በመጨረሻ። "ውስጡ ንጹህ ነው። አዮዲኑ የዓይንዎን የላይኛውን ገጽ አድርቆት ነበር፤ ሲያሹት ተጫረ። ጠብታ ከተደረገለት ይድናል። መምጣትዎ ግን ደግ ነው። መርቅዞ ቢሆን ኖሮ እስከ ነገ የሚታገስ አልነበረም።"

ጋልማ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ካልቱማም አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላለችም።

ዓይኑ ዳነ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መርፌውን ይወጋል። ሮዛ አሁን አዮዲኑን ረዘም አድርጋ ታጥብለታለች፣ የሚያረጥብ ጠብታም ትሰጠዋለች፤ ሲተኛ የሚያደርገው የፕላስቲክ መከለያም አለው። በመሃል የሚጋርደው ጥቁር ነገር እየሳሳ ስለሄደ የካልቱማን ፊት ሙሉውን ማየት ጀምሯል። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። ባለፈው ጊዜ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጁ አጥብቆ ሲይዝ ያየችው ሮዛ፣ "ትንሽ እንቆይ እንዴ፣ አባባ?" አለችው።

"አይሆንም" አላት። "ተነስቼ ሳልሄድባችሁ ቶሎ ጀምሩ።"