የአርሊስ ናስ

በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ባለው ሸለቋችን ደልፊያ መሊንስን የማያውቅ የለም። ዕድሜዋን የፈጀችው በከሰል ጉድጓዱ መብራት ቤት፣ ለሚወርዱት የራስ መብራት ስታድል ነው። ሠራተኛው ሲወርድ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ክብ ናስ እዚያው ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሲወጣ ያነሳዋል። ናስ ከቀረ ከታች ሰው ቀርቷል፤ ያኔ አለቃም ቢሆን ወደ ቤቱ አይሄድም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ መኪናውን ሲያስነሳ ፊቱ ቆማ፣ "ጌታው፣ እራት ይቆይ። ሰሌዳው ላይ ሰው አለ" ብላ መልሳዋለች።

ከሰል ቆፋሪ ልጇን አርሊስን የጉድጓዱ ጣሪያ ተንዶ ወገቡን ሰበረው። ቢሆንም በሕይወት ወጣ። የገደሉት ከላይ ያሉት ናቸው።

የመድኃኒት ኩባንያው ሻጭ ለክሊኒኩ የተጠበሰ ዶሮ እያመላለሰ፣ "ይህ ማስታገሻ ሱስ አያስይዝም" ይል ነበር። ሐኪማችንም ዶሮውን እየጋጠ አመነው። አርሊስ እንክብሉን ሊተው ሲሞክር እያላበው ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ግን፣ "ሕመሙ ስላልታገሠለት ነው" እያለ ይጨምርለታል፤ እንዲህ ሲሆን ጨምርለት ብሎ ያስተማረው ያው ሻጭ ነው። አርሊስ እንክብሉን ውጦ በእናቱ ሶፋ ላይ እንደተኛ ሳይነቃ ቀረ። ከእሱም በፊት ከእሱም በኋላ ጎረቤት ቀበርን። ኩባንያው፣ "ጥፋቱ የሱሰኞቹ ነው" አለን።

በኩባንያው ላይ ያቀረብነው ክስ ሲሰማ የኩባንያው ኃላፊ ከሩቅ ከተማ በስክሪን ቀረበ። ደልፊያ የፈለገችው የልጇን ስም ከዚህ ሰው አፍ መስማት ብቻ ነው። የአርሊስን ናስ ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ስክሪኑ ዘረጋችው።

"ልጄ አርሊስ ይባላል። እስቲ ስሙን ጥራው።"

ሰውየው ጠበቃውን አየ። "በደረሰው ነገር እናዝናለን።"

"የደረሰው? በረዶ መሰለህ እንዴ የወረደብን? ስሙን ነው ያልኩህ።"

"ወይዘሮ መሊንስ፣ ጊዜዎ አልቋል" አሉ ዳኛው። ስክሪኑ ጠፋ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ደልፊያ ከወንበሯ አልተነሳችም። የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ክሊተስ የድሮ ከሰል ቆፋሪ ነው።

"አክስቴ፣ ልቆልፍ ነው።"

"ሰውየው ቤቱ ገባ?"

"እሱማ ከቤቱስ መቼ ወጣ።"

"ናሱ ሳይነሳ?"

ክሊተስ ናሱን አየና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥቶ፣ ሞተሩ በተነሳው የዳኛው መኪና ፊት ቆመ።

"ጌታዬ፣ እራት ይቆይ" አላቸው። "ከታች ሰው ቀርቷል።"