ከመስታወቱ ላይ ያልለቀቀው ቀለም

ሌንሶቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጡ ዕለት ልጄ ታች ሲቀላ ሰፈር ወርዳ ነበር። ካርቶኑን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ የከፈትኩትም እኔ። ዕቃ መንገድ ላይ ይሰበራል ብዬ ስለምሰጋ ሳላይ አላድርም።

ልጄ ፎቶ አንሺ ናት። ካሜራዋ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ፊልሙ አንድ በአንድ ይገባል፣ አንዱ የደብተር ቅጠል ግማሽ ያህላል። ሁለቱን ሐይቆች፣ አባያንና ጫሞን፣ እንዲሁም የሸማኔዎቻችንን ሥራ በቀለም አንስታ ለሰው ልታሳይ ሁለት ዓመት ለፍታለች። የጎደላት ጥሩ ሌንስ ብቻ ነበር። ያስተማሯት ሽማግሌ ሁለት ላኩላት፤ «ሞክሪና የሚሻልሽን ያዢ፣ ሌላውን መልሺልኝ» ብለው።

አንደኛው አሮጌ ነው፤ መስታወቱ ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ። ሁለተኛው አዲስ ይመስላል፤ ዘንበል ሳደርገው ግን ነዳጅ እንደፈሰሰበት ኩሬ ሐምራዊና አረንጓዴ ያብለጨልጫል። የተበላሸ ላኩባት ብዬ ደነገጥኩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ጥጥ ነው። ልፈትለው ካዘጋጀሁት ባዘቶ ቆንጥሬ፣ መስታወቱ ላይ ተንፍሼ አሸሁት። አለቀቀም። ደግሜ አሸሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። እንቢ ሲለኝ እንደነበረው ጠቅልዬ መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሐይቆች ከሚታዩበት ከፍታ ወጣን። ልጄ የሸማኔዎቻችንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጨርቅ፣ ዱንጉዛውን፣ ቁጥቋጦ ላይ ሰቅላ ካሜራዋን ተከለች፤ ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ ቆይታ ጠራችኝ።

«እማ፣ ነይ እዪ።»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። «ምኑን ልይ? አባያ ሰማይ ላይ ወጥቷል እኮ!»

«ምስሉ ይገለበጣል፣ ሥራው እንደዚያ ነው። አንቺ ቀለሙን እዪ።»

ሌንሱን ስትቀይር እንደዋዛ ጠየቅኳት። «ይሄ ሐምራዊው ነገር ምንድን ነው?»

«እሱማ ዋናው ነው። ስስ ሽፋን ነው፤ ብርሃኑ መስታወቱ ውስጥ እንዳይበተን ይይዘዋል። እሱ ከሌለ እንደዚህ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ቀለሙ ሁሉ ይገረጣል። ከተፋቀማ ለእኔ አይሆንም።»

ትናንት ላስለቅቀው የታገልኩት እሱን ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ይባስ ብዬ፣ «አሮጌው ይሻልሻል» አልኳት።

«ለምን?»

«የጠራ ነው።»

«ኧረ እማ! ከመቼ ወዲህ ነው ፎቶ አንሺ የሆንሽው?» ብላ ስቃ በሁለቱም አንድ አንድ አነሳች።

ፊልሙ አዲስ አበባ ተልኮ ታጥቦ፣ ታትሞ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ምግብ አልወርድ አለኝ። ባዘቶውን ሳየው ስለሚያመኝ ከአልጋ ሥር ደበቅኩት። የልጄን የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ቁንጣሪ ጥጥ ያጠፋሁት መሰለኝ፤ ስለት ሁሉ ተሳልኩ።

ፎቶዎቹ ሲመጡ አልጋ ላይ ዘረጋቻቸው። በአንደኛው ዱንጉዛው ብዙ ጊዜ የታጠበ ይመስላል፤ ሐይቆቹም ጭጋግ ለብሰው አባያ ከጫሞ አይለይም። በሌላኛው ግን አባያ እንደምናውቀው ቀይ አፈር የመሰለ ነው፣ ጫሞም ሰማያዊ። የዱንጉዛው ቢጫ ከቀዩ ጋር ሳይቀላቀል ድርና ማጉ ይለያል።

«የቱ ነው በየትኛው የተነሳው?» አልኩ።

«የገረጣው በአሮጌው ነው። ይሄ ደማቁ በባለሐምራዊው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

«በምን ነው ያሸሽው?»

«በባዘቶ።»

«በአመድ አይደለም?»

«ሞኝ አደረግሽኝ እንዴ!»

ሌንሱን መስኮቱ ጋ ወስዳ እያገላበጠች አየችው። አንድ ጭረት የለበትም። ዞራ ስታየኝ ሳቋ አመለጣት። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ለዚህ ነው? እኔኮ ጨጓራሽ ተነስቶ ነው ብዬ ቡና ከለከልኩሽ!»

እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ መሃል እንባ መጣብኝ። የዚያን ቀን ምሳ ሁለቴ በላሁ።

ባለሐምራዊው እሷ ዘንድ ቀረ። አሮጌውን ለሽማግሌው ስትመልስ ያሸግኩት እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ እንዳይጋጭ ከአልጋ ሥር ባወጣሁት ባዘቶ ዙሪያውን ሸፍኜ። የሌንሱ መስታወት አቧራ ለብሶ ነበር፤ ልጠርገው ግን አልሞከርኩም።