ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው ፍሬን

ብስክሌት ጠጋኟ ሙያውን የጀመረችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ሱቁ የባሏ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ሰውን ከጥላ መለየት ሲያቅተው፣ በር ላይ ተቀመጠና "ነይ፤ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ፍቺ" አላት። እሷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰፈሩ "መርፌና መፍቻ ምን አገናኛቸው?" ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ባሏ እንደነገራት ስትፈታና ስትገጥም ሰባት ዓመት ሠራች።

አንድ ጠዋት፣ ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን የምታየው አዋላጅ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ንዴቷ ከሩቅ ያስታውቃል።

"እትዬ፣ ይሄ የፊት ፍሬን ሊገድለኝ ነው። ቁልቁለት ላይ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል። ሌላ ቦታ ሦስቴ የፍሬኑን ላስቲክ ቀየሩልኝ፤ ያው ነው።"

ባልየው ከተቀመጠበት "ካቦው ነው፤ የፍሬኑ ሽቦ ውስጡ ዝጓል" አለ።

ጠጋኟ የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ለቀቅ አደረገችው። ያለ ምንም ችግር ሄዶ ተመለሰ።

"ካቦው ጤነኛ ነው።"

"ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን!"

"ብትሠራበትም።"

ደንበኛ ፊት ስትመልስለት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አዋላጇ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች።

ጠጋኟ ብስክሌቱን ገልብጣ አቆመችው። ጎማውን አሽከረከረችና ፍሬኑን በስሱ ያዘች። "ስሙት፤ በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ነው የሚነክሰው። ካቦ ዙር አይቆጥርም።" ከኪሷ ጠመኔ አወጣች። እጇን አስደግፋ፣ በሚዞረው ቸርኬ ጎን፣ ላስቲኩ የሚይዘው ብረት ላይ አስጠጋችው። ጎማው ሲቆም የጠመኔው መስመር የታየው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

"እጅህን አምጣ" አለችው ባሏን።

ጣቱን በብረቱ ላይ አስኬደ። ብረቱ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ መስመሩ ጋ ሲደርስ ግን ወደ ውጭ አብጧል። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ነፋሱን አስተንፍሺው! አሁኑኑ!"

እሷም እያስተነፈሰች ለአዋላጇ አስረዳቻት። "ቸርኬው ሳስቷል፤ የጎማው ነፋስ እየገፋ አሳብጦታል። ላስቲኩ እብጠቱን ሲያገኝ ይነክሳል፣ ሲያልፍ ይለቃል። አዲስ ላስቲክ በገባ ቁጥር የቀረውን ብረት ሲፍቀው ከርሟል። ጥቂት ብትቆዪ ይፈነዳ ነበር።"

አዋላጇ ደፉ ላይ ዘፍ አለች። "የሰው ነፍስ ላድን ስሮጥ የራሴን ልጥል ነበር'ኮ!"

እኩለ ቀን ሳይሞላ አዲስ ቸርኬ ገባ። አዋላጇ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ነድታ ተመለሰች፤ ከሩቁ "ቀጥ! ቀጥ ነው የሚለው!" እያለች ትጮሃለች።

ባልየው "እኔ ብሆን ካቦ ቀይሬ እሸኛት ነበር" አለ። ይህን ማለት ለእሱ ቀላል አልነበረም፤ ሚስቱም ታውቃለች። ትከሻውን መታ አደረገችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዛሬ ደንበኛ መጥቶ "ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?" ሲለው፣ "ሐኪሟ እዚያች ናት፤ እሷን ጠይቅ" ይላል። እሷም እጇን ጠራርጋ "እስቲ መጀመሪያ አንዴ ልንዳው" ብላ ብስክሌቱን ትቀበላለች።