ሽምግልና በተጋጣሚ ሜዳ

ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ የሄድኩት ስታዲየም ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴም ያመንኩት እዚያ ቆሜ፣ ከኋላዬ ያለው ሕዝብ «አረንጓዴዋ፣ ተቀመጪ!» እያለ ሲጮህብኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ካለው አፓርትመንታችን ፊት ለፊት ነው። ልጄ ከቤተ ክርስቲያን መልሶኝ መኪናውን ፓርክ አደረገና ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀመጠ። የሚናገረው ነገር ሲኖረው እንዲህ ነው፤ ከመኪና አይወርድም። «ማሚ፣ ቀለበት ሰጠኋት። እሺ አለችኝ» አለ። እሰይ ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ልጅቷን እወዳታለሁ። በረዶ ሲጥል እንግልውድ፣ የምሠራበት ሆስፒታል ድረስ መጥታ ስንት ጊዜ ቤቴ አድርሳኛለች። ስትመጣም እንደ እንግዳ ሳሎን አትቀመጥም፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በቀጥታ ኩሽና ነው የምትገባው። ፈረንጅ ናት፣ ግን የኔ ናት። ደስታዬ ትንሽ በረድ ሲልልኝ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

«አባቷስ ምን አሉ?»

«ማሚ፣ ሺ ሴድ የስ! አልኩሽ እኮ።»

«እሱን ሰማሁ። አባቷን ማን ጠየቃቸው?»

ማንም አልጠየቃቸውም። ራት ጋብዘዋቸው ቀለበቱን አሳይተዋቸዋል፣ በቃ። «የሰው ልጅ ድመት ናት እንዴ፣ ብድግ አድርገህ የምትወስዳት?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ልጅቷ መጥታ ሰሃን አብረን ስናጥብ፣ ሳልጠይቃት አወጣችው። «አባቴ ቀለበቱን አየና ኦኬ አለ። ኦኬ ብቻ። ከዚያ ወጥቶ ሳር ማጨድ ጀመረ» አለችኝ። እጇ በሙሉ ሳሙና ስለሆነ እንባዋን በክንዷ ነው የጠረገችው። እናቷ ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ወንድምም እህትም የላትም። «እሱ ደስ ሳይለው እንዴት ብዬ ነው የማገባው?» አለች። እኔም አባቷን አንድ ጊዜ ዴንቨር አንድ ሬስቶራንት አግኝቻቸው ነበር፤ ከኛ ፊት ይልቅ ሜኑውን ነበር የሚያዩት። እንዳልወደዱን ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር።

ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር ይሄን ነገር በአንድ ቀን ይጨርሰው ነበር። እሱ ስለሌለ ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሽማግሌዎች ልልክ አሰብኩ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቃላቸው የሚሰማ፣ ቦሌም ጎንደርም ስንት ትዳር ያስያዙ ሰዎች ናቸው። ልጄ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። «ማሚ፣ በናትሽ! ሦስት ሰው ጥቁር ሱት ለብሶ በራቸውን ሲያንኳኳ ሰው የሞተ ነው የሚመስላቸው!» ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

በዚህ መሃል ግብዣ መጣ። አባቷ ድሮ በተማሩበት ኮሌጅ ስታዲየም በየዓመቱ የሚገዙት ሁለት ቦታ አላቸው። የሳቸው ኮሌጅና የኔ ልጅ የተማረበት ኮሌጅ ደግሞ በፉትቦል፣ በዚያ በእጅ ይዘው በሚሮጡት የአሜሪካኖች ኳስ፣ ደመኞች ናቸው። የኛዎቹ አረንጓዴ ይለብሳሉ፣ የነሱዎቹ ጥቁር። ጨዋታው ሲቃረብ ልጄና ልጅቷ ራሳቸው ይኮራረፋሉ፤ ቀልድ ነው ይላሉ፣ እኔ እንጃ። እና በዚያ ቅዳሜ የኛ ቡድን እነሱ ሜዳ ሄዶ ሊጫወት ነው። ልጅቷ ለፍቅር ስትል ልጄ ጋ፣ ከእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ጋር ልትቀመጥ ነው። «እናትህ ከኔ ጋር ትቀመጥ» ብለው ላኩ አባቷ።

አገኘኋቸው! አልኩ በሆዴ። ሽማግሌ ቤታቸው ካልሄደ እኔ ሜዳቸው እሄዳለሁ። ሴት ለሽምግልና ስትሄድ ማን ሰምቶ ያውቃል? ግን ከኔ ሌላ ማን አለ? ለልጄም ትንፍሽ አላልኩም።

ሥርዓቱን በደንብ ነው የማውቀው። እኔን ሊጠይቁ አባቴ ቤት ሽማግሌዎች ሲመጡ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቄ ነበር፤ ከመጋረጃው ስር ጫማቸው ብቻ ይታየኛል። አባቴ ተቀመጡ፣ ኧረ ተቀመጡ ይላሉ። እነሱ ደግሞ ጉዳያችን ሳይሰማ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ይላሉ። አንደኛው ጫማ ሲደክመው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያረፈ፣ ያ ሁሉ ሰው ለኔ ብሎ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም ቢደርስብኝ ያለ ክብር የተወሰድኩ ሴት አይደለሁም። ለዚህች ልጅም እሱን ነበር የፈለግኩላት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ አሮጌ አረንጓዴ ሹራቡን አለበሰኝ፤ ጉልበቴ ድረስ መጣ። የሰው ቤት ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ድፎ ዳቦ ጋግሬአለሁ። ስታዲየም የሚገባው ቦርሳ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ብቻ ነው ሲለኝ ዳቦውን በሚያሳይ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ታቅፌው ገባሁ መኪና ውስጥ። «ማሚ፣ ዳቦ አያስገቡሽም እኮ» ይለኛል። ሳይገቡ በፊት ውጭ የሚበላ መሆኑን ልጅቷ ነገረችኝና አረፍኩ።

እውነትም ከስታዲየሙ ውጭ ያለው ፓርኪንግ ሠርግ ቤት ነበር። ድንኳን ተተክሏል፣ ሥጋው ይጠበሳል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ሹራቤን ሲያዩ «ቡ!» እያሉ ያንጓጥጡኛል። አንዷ ቡ ብላኝ ስታበቃ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ። አባቷ ጥቁር ኮፍያ አድርገው ታጣፊ ወንበር ይዘው ጠበቁን። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዳቦውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ቆረሱና ቀመሱ፣ ደግመው ቆረሱ፣ ሌላ ቁራጭ በናፕኪን ጠቅልለው ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«አመሰግናለሁ፣ ቆሜ ይሻለኛል» አልኳቸው። ልጄ በዓይኑ ምን ሆነሻል ይለኛል። አላየሁትም።

ስንገባ ልጆቹ ወደ ላይ፣ ለእንግዳ ደጋፊዎች ወደተተወው ጥግ ሄዱ። እኔና አባቷ ወደ ሜዳው ወረድን። ዙሪያዬን ጥቁር ማሊያ ነው፤ አረንጓዴ እኔ ብቻ። ቦታችን አግዳሚ ላይ በቀለም የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አባቷ ከቦርሳቸው አንድ ያረጀ ትራስ አወጡ፣ በመዳፋቸው ደጋግመው አራገፉት፣ በኔ ቁጥር ላይ አነጠፉልኝ።

«ይቀመጡ» አሉኝ።

«ትንሽ ልቁም» አልኩ።

ፊታቸው ልውጥ አለ። ወደ ሜዳው ዞሩ።

ጨዋታው ሲጀመር ሰው ሁሉ ቆሞ ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም። ከዚያ ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና «አንድ ጉዳይ ይዤ...» ስል ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ። «ምን አሉኝ?» አሉ ጆሯቸውን አስጠግተው። «ጉዳይ ይዤ...» ደግሞ ጩኸት! ስለ ጨዋታው የጠየቅኳቸው መስሏቸው ያስረዱኝ ጀመር። «እናንተ ኳስ ስትይዙ እንጮሃለን፣ ተጫዋቾቻችሁ እርስ በርሳቸው እንዳይደማመጡ። እኛ ስንይዝ ጸጥ እንላለን።»

እንግዲህ የኔ ተራ የሳቸው ቡድን ኳስ ሲይዝ ነው ማለት ነው። አይ የኔ ነገር፣ ለተጋጣሚ ቡድን ጸለይኩ። ልጄ ይሄን እንዳይሰማ።

ጸሎቴ ተሰማ፤ ኳሷ እነሱ እጅ ገባች፣ ሕዝቡም ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል ግን ከኋላዬ ያሉት ድምፅ ጎልቶ ወጣ። «አረንጓዴዋ፣ ተቀመጪ!» «አይታየንም!» አንድ ፍሬ ፈንዲሻ ጀርባዬን መታኝ። እኔ በሽተኛ ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ፣ መቆም አይገድለኝም፤ ፈንዲሻው ግን አናደደኝ። ምን አባታቸው! ዞር ብዬ ልናገራቸው ስል አባቷ ቀድመውኝ ተነሱ።

«ከኔ ጋር ናቸው» አሏቸው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዝም አሉ ሰዎቹ።

ተመልሰው ተቀመጡና እኔን ሳያዩ፣ ሜዳውን እያዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ትራሱ የባለቤቴ ነው። ቦታውም የሷ ነበር። ከሷ በኋላ ሰው አስቀምጬበት አላውቅም። የሞተ ሰው ቦታ ላይ መቀመጥ ከከበደዎት ይገባኛል። ቦታ እንቀያየር።»

በስመአብ ወወልድ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ እኮ የጠሉን መስሎኝ ነበር። ሰውየው ማንንም ያላስቀመጡበትን የሚስታቸውን ቦታ ነው ያነጠፉልኝ፣ እኔ ደግሞ እምቢ ብዬ እንደ ምሰሶ ተገትሬባቸዋለሁ።

«አይደለም! ኧረ አይደለም!» አልኳቸው ክንዳቸውን ይዤ። «በኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አክብሬዎት ነው የቆምኩት።»

«ምን ሊጠይቁ ነው የመጡት?»

«ልጅዎን።»

ያኔ የሳቸው ቡድን ነጥብ አስቆጠረ። ስታዲየሙ በአንድ እግሩ ቆመ፣ ሰው ይተቃቀፋል፣ ይዘላል። እሳቸው ወደ ሜዳው አልዞሩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። ሰው ሁሉ ጮሆ ሲወጣለት ተቀመጠ። አሁን እሳቸው ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ነገሩኝ እንጂ የጠየቀኝ የለም» አሉ። «ባለቤቴ ብትኖር ምን እንደሚባል ታውቅ ነበር። እኔ ቃል ጠፋኝና ኦኬ ብዬ ወጣሁ። ሳሩን ሁለት ጊዜ አጨድኩት።»

ሁለት ጊዜ! እንባዬ መጣ። ልጅቷ ኩሽናዬ ውስጥ ስታለቅስ፣ እሳቸው ደግሞ የታጨደ ሳር ላይ ይመላለሱ ነበር።

«በሉ፣ እንደ ወጉ ይጠይቁኝ» አሉ።

እንግሊዝኛዬ ለዚህ አይበቃም። በአማርኛ ነው የጠየቅኳቸው፤ ሽማግሌዎቹ አባቴን ሲሉ እንደሰማሁት፣ ጎንበስ ብዬ። «ልጅዎ ልጄ ትሁን፣ ልጄም ልጅዎ ይሁን። ወልደው በክብር ያሳደጓትን ለልጄ ይስጡልኝ ብዬ፣ ቆሜ እለምናለሁ።» አንድ ቃል አልገባቸውም። ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እስክጨርስ ሰሙኝ።

ከዚያ ፈታ ላድርጋቸው ብዬ በዚያችው እንግሊዝኛዬ «ዛሬ ባይመልሱልኝም ቅር አይለኝም። ሂዱና ተመለሱ ማለት ያለ ነው» አልኳቸው።

«ተመለሱ ካልኩስ?»

«እመለሳለሁ።»

«ቆመው?»

«ቆሜ!»

ሳቁ። ሲስቁ ልጅቷን ቁርጥ ናቸው፤ እስከዛሬ ሲስቁ አይቻቸው ስለማላውቅ ልብ አላልኩትም ነበር። ሳቃቸው ሲያበቃ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እሁድ እሁድ ቤቴ ትመጣለች። ከእንግዲህስ ትመጣለች?»

ለካ ይሄ ነው ነገሩ! የልጄ ዘርም፣ ሥራም፣ ቀለምም አይደለም።

«ሁለቱም ይመጣሉ» አልኳቸው። «ከቀሩ ለኔ ይደውሉልኝ፣ ጆሯቸውን ይዤ ነው የማመጣቸው። እኔም ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ።»

ከኋላ «ኧረ ሁለት ሆኑ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባቷ ወደዚያ ዞር ብለው አይተው ወደ እኔ ተመለሱ።

«አዎ» አሉ። «መልሴ አዎ ነው። አሁን በእግዜር ይቀመጡ፣ ሰዎቹ ሊገድሉን ነው።»

ተቀመጥኩ። ትራሱ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነበር። «አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ለሳቸው ይሁን ለሚስታቸው እኔም አላውቅም።

ብዙም አልቆየ፣ ስልኬ ጮኸ። ልጅቷ ናት። ላይ ሆና በስልኳ ካሜራ አቅርባ ስታየን ኖሯል። «ምን ሆናችሁ? ለምንድነው የቆማችሁት? አባቴ ለምን ኮፍያውን አወለቀ? ተጣላችሁ?» ትንፋሿ ይቆራረጣል። ምንም ሳልመልስላት ስልኩን ለአባቷ ሰጠኋቸው።

በሁለት እጃቸው ያዙት። ቡድናቸው እንደገና ኳስ ይዞ ስለነበር ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ብሏል።

«የኔ ልጅ» አሏት፣ «ጠየቁኝ።»

ከስልኩ ውስጥ ለቅሶዋ እኔ ድረስ ተሰማኝ። አባቷ ደገሙላት።

«ጠየቁኝ እኮ። እኔም አዎ አልኩ።»